ወደ ሰበሪማላ የሚሄድ ተሳላሚ አስቀድሞ የሚያደርገው ዝግጅት

በደቡብ ህንድ በኬራላ ግዛት፣ ደን በለበሱት ምዕራባዊ ተራሮች ውስጥ ሰበሪማላ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያም አያፓን የተባለው አምላክ የሚመለክበት ቤተ መቅደስ ይገኛል። አያፓን የሺቫና የሴት መልክ ይዞ የታየው የቪሽኑ ልጅ ነው ይባላል፤ ሚስት ሳያገባ በድንግልና ይኖራል ተብሎም ይታመናል። ቤተ መቅደሱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ዋናው የመሳለሚያ ወቅት በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 7 ቀን ገደማ ይጀምርና 41 ቀን ይቈያል፤ ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላም እንደገና ተከፍቶ እስከ ጥር መጀመሪያ ይዘልቃል። ከዚህ ውጭ የሚከፈተው በየወሩ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናትና በአንዳንድ በዓላት ነው።

ይህን ስፍራ ለመሳለም ያሰበ ሰው መጓጓዣና ማደሪያ ከመፈለጉ በፊት በአንገቱ ላይ መቍጠሪያ ያስራል። መቍጠሪያው ከበሶብላ ወገን ከሆነው ቱልሲ ወይም ሩድራክሻ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የተሠራ ነው። ይህን ካሰረበት ቀን አንሥቶ በልማዱ 41 ቀን ሥጋና ዓሣ አይበላም፣ መጠጥ አይቀምስም፣ ከሚስቱ ጋር አይተኛም፣ ጠጕሩንም ጢሙንም አይቈረጥም። ጥቍር ወይም ሰማያዊ ልብስ ይለብሳል፤ ጧትና ማታ ይታጠባል፤ መሬት ላይ ይተኛል። ስሙም ይቀራል፤ ሰው ሁሉ «ስዋሚ»፣ ማለት ጌታ፣ እያለ ይጠራዋል፤ እርሱም ሌላውን ተሳላሚ፣ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በዘር በተከፋፈለ ማኅበረ ሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጾሙ የወንዶች ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ለስዋሚው ምግቡን በንጽሕና የምታዘጋጀው፣ በወር አበባዋም ጊዜ በልማዱ ከማዕድ ቤት የምትርቀው ሚስቲቱ ናት። ስለዚህ 41 ቀን የሚጾመው ቤቱ በሙሉ ነው ለማለት ይቻላል።

የመነሻው ቀን ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ የተጓዘ ጉሩስዋሚ የሚባል መሪ ኢሩሙዲ የተባለውን ባለ ሁለት ከረጢት ጓዝ ያስርለታል። የፊተኛው ከረጢት ለአምላኩ የሚቀርበውን፣ የኋለኛው ተጓዡ በመንገድ የሚያስፈልገውን ስንቅ ይይዛል። ከመባው ሁሉ የሚበልጠው ኮኮናት ነው። ውሃው በትንሽ ቀዳዳ ይፈስና በምትኩ የላም ቅቤ ተነጥሮ ይሞላበታል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። በተራራው ላይ ኮኮናቱ ተሰብሮ ቅቤው በምስሉ ላይ ይፈስሳል፣ ቅርፊቱም ወደ እሳት ይጣላል። ቅቤው ነፍስ፣ ቅርፊቱ ሥጋ ነው ብለው ያስረዳሉ።

በጥንቱ መንገድ የሚሄዱት አስቀድመው ኤሩሜሊ ከምትባል ከተማ ይደርሳሉ። እዚያ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ከእንጨት የተሠራ መሣሪያ ይዘው ይጨፍራሉ፤ ቫቫር የተባለው እስላም የአያፓን ወዳጅ ነበር ስለሚባልም በስሙ ወደሚጠራው መስጊድ ገብተው ክብር ይሰጣሉ። ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ይጓዛሉ። ዛሬ ግን የሚበዛው ሕዝብ በአውቶቡስ እስከ ፓምፓ ወንዝ ድረስ መጥቶ ከታጠበ በኋላ የቀረውን 5 ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት በእግሩ ይወጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ተሳላሚ ከእንጨት የተሠራ ቀስት ይዞ ሳራምኩቲ በሚባለው ቦታ ይተክላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አያፓን የጐሽ ራስ የነበራትን ማሂሺን በገደለ ጊዜ ከእርስዋ የወጣች ቆንጆ ሴት እንዲያገባት ለመነችው። እርሱም አዲስ ተሳላሚ ያልመጣበት ዓመት ሲገኝ አገባሻለሁ አላት። እርስዋም ማሊካፑራም በተባለው መቅደስዋ በአጠገቡ ትጠብቃለች፤ በየዓመቱ የበዓል ሰልፍ ምስልዋን ይዞ ወደ ሳራምኩቲ ይወርዳል፣ የተተከሉት ቀስቶችም ታይተው አዝና ትመለሳለች።

በመጨረሻ ተሳላሚው ወደ 18ቱ ቅዱሳን ደረጃዎች ይደርሳል። በእነዚህ ላይ የሚወጣ ኢሩሙዲ በራሱ የተሸከመ ብቻ ነው፤ ያልያዘ ሰው በሌላ በኩል ይገባል። በቤተ መቅደሱ ላይም «ያ አንተ ነህ» የሚል ትርጕም ያለው የሳንስክሪት ቃል ተጽፎ ይታያል። አርባ አንድ ቀን በአምላኩ ስም ሲጠራ የሰነበተ ሰው ይህን ቃል የሚያነበው እንደ ትምህርት ብቻ አይመስለኝም።

የሕዝቡ ብዛት ግን ሌላ ዓይነት ዝግጅትም አስፈልጓል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 14 ቀን 2011 በፑልሜዱ በደረሰው መረጋገጥ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ተሳላሚው ተራውን በኢንተርኔት አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ተሽከርካሪዎችም በኒላካል እንዲቆሙ ይደረጋል። ጾሙን ወደ ጥቂት ቀናት የሚያሳጥሩ ሰዎችም አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይህን አይወዱትም።

ከሁሉ የከረረው ክርክር ማን ይሂድ የሚለው ነው። ከ10 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሴቶች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ1991 የኬራላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጸና። ምክንያት ሆነው የሚጠቀሱት የአምላኩ ድንግልናና ሴቶች 41 ቀን ያልተቋረጠ ንጽሕና ሊጠብቁ አይችሉም የሚለው አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን 4 ለ 1 በሆነ ድምፅ ሻረው፤ በልዩነት የቆሙት ዳኛ ኢንዱ ማልሆትራ ሲሆኑ በችሎቱ ከነበሩት ዳኞች ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ፍርዱን የተቃወሙ ሴቶችም አያሌ ነበሩ፤ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ስለ ሴቶች እኩልነት እጅግ ብዙ ሴቶች በኬራላ ከዳር እስከ ዳር ተሰለፉ። በማግሥቱ ሁለት ሴቶች ገብተው ተሳለሙ፤ ካህናቱም ቤተ መቅደሱን ለጊዜው ዘግተው የማንጻት ሥርዓት አደረጉ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጉዳዩ ለሰፊ ችሎት ተመራ።

ተሳላሚው ከተራራው ሲወርድ ከሩዝና ከሸንኮራ ስኳር የተሠራውን አራቫና የተባለ ጣፋጭ ለዘመዶቹ ይዞ ይመለሳል። መቍጠሪያው ግን እቤቱ እስኪደርስ ከአንገቱ አይወጣም፤ በዚያም ጉሩስዋሚው ወይም እናቱ ታወልቅለታለች። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው በስሙ ይጠራል።