የኮምፒዩተር ስክሪን ሲደበዝዝ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊመረመር የሚገባው ነገር

ኮምፒዩተር በአስመጪውና በላኪው ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም በባለሱቁ ባንኮኒ ላይ ከሒሳብ መዝገብ ጐን ቦታውን የያዘ የሥራ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። የዋጋ ማቅረቢያው የሚነበበው፣ ለባንክ የሚቀርበው ሰነድ የሚዘጋጀው፣ የገባውና የወጣው ዕቃ የሚመዘገበው በርሱ ስለ ሆነ፣ የስክሪኑ ብርሃን በደበዘዘ ጊዜ የሚጐዳው ዓይን ብቻ አይደለም። 3 ቁጥር 8 መስሎ የተነበበ፣ ወይም አንዲት ነጥብ ሳትታይ ያለፈች እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በነጋዴው ኪስ ላይ ነው።

በዚህም ላይ መደብዘዙ ከምን እንደ መጣ ሳይታወቅ ወደ ጥገና የተሮጠ እንደ ሆነ ሁለተኛ ኪሳራ ይከተላል። ይህ ጸሐፊ በሚሠራበት የንግድ ቤት የደረሰውም ይኸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለባንክ የሚቀርብ ሰነድ በማዘጋጀት ላይ ሳለን መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪው መሥራቱን ባያቋርጥም ስክሪኑ ወዲያው ደበዘዘ። አሠሪያችን ቻርጀሩን ትተው ኮምፒዩተሩን ብቻ ይዘው ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ቢሄዱ፣ ጠጋኙ ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ «ጋሼ፣ ይህ ስክሪን አልቆለታል፤ መለወጥ አለበት» አላቸው። ዋጋው ተከፈለ፤ አዲስ ስክሪንም ተገጠመ። ወደ ቢሮ ተመልሶ ከኤሌክትሪክ ጋር ባያያዝነው ጊዜ ደምቆ ስለ ታየን ሁላችንም ደስ አለን። ይሁን እንጂ በሳምንቱ መብራት እንደገና ቢጠፋ አዲሱ ስክሪን ልክ እንደ አሮጌው ደበዘዘ። ጉዳዩን ስንመረምረው፣ ኮምፒዩተሩ በባትሪ በሚሠራበት ጊዜ ብርሃኑን እንዲቀንስ በውስጡ የተሰጠ ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማስተካከል 2 ደቂቃ አልፈጀም፤ አንዲት ሳንቲምም አልጠየቀም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

ሥሩን ለማወቅ በመጀመሪያ የስክሪኑን አሠራር መረዳት ይጠቅማል። በቢሮ የሚገኘው አብዛኛው ስክሪን ሁለት ክፍል አለው፤ ከፊት ያለው ፊደሉንና ሥዕሉን የሚያወጣው መስታወት ሲሆን፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ብርሃን የሚሰጠው መብራት ነው። መስታወቱ የራሱ ብርሃን የለውም፤ በፋኖስ ፊት እንደ ተያዘ ባለቀለም መስታወት ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፋል እንጂ። ስለዚህ ስክሪን ደበዘዘ ማለት መስታወቱ ተበላሸ ማለት አይደለም። ምክንያቱ ከሦስት ነገሮች ከአንዱ ይመጣል፤ ከትእዛዙ፣ ከፕሮግራሙ ወይም ከዕቃው። ምርመራውም ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምሮ ወደሚጠይቀው ሊሄድ ይገባል።

1ኛ፤ ትእዛዙን መመርመር። በላፕቶፕ ኪቦርድ የላይኛው ረድፍ ላይ የፀሐይ ሥዕል ያለባቸው ሁለት ቁልፎች ይገኛሉ፤ አንደኛው ብርሃኑን ይጨምራል፣ ሁለተኛው ይቀንሳል። በአንዳንዱ ኮምፒዩተር «ኤፍ ኤን» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ዲስፕሌይ» የሚለውን ከፍቶ «ብራይትነስ» የተባለውን መስመር ወደ ቀኝ መሳብ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ብርሃኑ እንደ ክፍሉ ሁኔታ ወይም እንደሚታየው ሥዕል ራሱን እንዲለዋውጥ የሚያዝ ምልክት ካለ ማጥፋት ይገባል። ባትሪ ለመቆጠብ የተሰጠው ትእዛዝም መታየት አለበት፤ በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የባትሪው ኃይል ወደ 20 ወይም ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ይህ ትእዛዝ ራሱ ሥራውን ይጀምራል። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ለሚሠራ የንግድ ቤት ይህ ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመር ነው።

ለብቻው በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሞኒተር ግን የኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ አይደርሰውም። ብርሃኑ የሚስተካከለው በራሱ ጠርዝ ሥር ወይም ከኋላው ባሉት ቁልፎች ነው። በዚያም «ኢኮ» የተባለው የኤሌክትሪክ ቍጠባ በርቶ እንደ ሆነ ብርሃኑን ስለሚይዘው አስቀድሞ ማጥፋት ያሻል።

2ኛ፤ ፕሮግራሙን መመርመር። የብርሃኑ መስመር ፈጽሞ የጠፋ ወይም ቢሳብ ለውጥ የማያመጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ ድራይቨር ከሚባለው ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ ወይም ከታደሰ በኋላ ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ተከፍቶ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ቢገኝ፣ ትክክለኛው ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። መድኃኒቱም በኮምፒዩተሩ ሞዴል መሠረት ከሠሪው ፋብሪካ የኢንተርኔት ገጽ ድራይቨሩን ወስዶ መጫን ነው፤ ምንጩ ካልታወቀ ቦታ መውሰድ ግን የሒሳብ ሰነዶችን ለአደጋ ያጋልጣል።

3ኛ፤ ዕቃውን መመርመር። ከላይ ያሉት ሁለቱ ካልረዱ ኮምፒዩተሩ ሳይፈታ አራት ፈተና ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የፋብሪካው ምልክት ደምቆ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ የሚደበዝዝ ከሆነ ጥፋቱ የትእዛዝ ወይም የፕሮግራም ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደብዛዛ ከሆነ ግን ዕቃው ይጠረጠራል። ሁለተኛ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሌላ ሞኒተር ወይም ከቴሌቪዥን ጋር ቢያያዝና በዚያ ጥርት ብሎ ቢታይ፣ ችግሩ ያለው በላፕቶፑ ስክሪን ወይም በገመዱ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ በጠፋው ስክሪን ላይ ባትሪ በአግድመት ቢበራበትና ጽሕፈቱ በጥቂቱ ቢታይ፣ መስታወቱ ይሠራል፤ የጠፋው ከኋላው ያለው መብራት ነው። አራተኛ፣ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ሲነቃነቅ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ሳይላላ ወይም ሳይቆረጥ አልቀረም፤ ገመድ ደግሞ ከስክሪን እጅግ ይረክሳል።

አሮጌ ኮምፒዩተር የሚገዛ ወይም የሚያስመጣ ነጋዴም የዕድሜውን ሒሳብ ሊያውቅ ይገባዋል። ኤልኢዲ የተባለው የስክሪን መብራት በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ እየቀነሰ ይሄዳል። የተለመደው ግምት ብርሃኑ ወደ ግማሽ እስኪወርድ 30,000 ሰዓት ያህል ይሠራል የሚል ነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራበት እንደ ሆነ በዓመት 3,000 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 10 ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ ያገለገለ ስክሪን በእርጅና ደበዘዘ ቢባል፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም፣ ኮምፒዩተሩን ለጥገና የሚሰጥ ሰው ቻርጀሩን አብሮ ይውሰድ፤ በባትሪም በኤሌክትሪክም አስከፍቶ ይመልከት፤ ስክሪኑ መለወጥ አለበት የተባለ እንደ ሆነ ከላይ ከተጻፉት ፈተናዎች በየትኛው እንደ ታወቀ በፊቱ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ተቀብሎ ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ። እኛ ይህን ያወቅነው ዋጋውን ከከፈልን በኋላ ነው።