ቀን የማይቆጥር ዑደት

የባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት የወር አበባን ዑደት ሲያስረዱ 28 ቦታ የተከፈለ ክብ ይስላሉ፤ በ14ኛው ቀን እንቁላል ይለቀቃል። ሥዕሉ ለማስተማር ይመቻል፤ አብዛኞቹን ሴቶች ግን አይገልጽም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከ600,000 በላይ ዑደቶችን መርምሮ አማካያቸውን 29.3 ቀን ሆኖ አገኘው፤ ልክ 28 ቀን የፈጁት 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ታመው ወይም ተዛብተው አይደለም። ሰውነት ይህን ዑደት የሚመራው ቀን እየቆጠረ ነው የሚለው ግምታችን ነው የተሳሳተው።

ሰውነታችን ጊዜ የሚጠብቅ ሰዓት እንዳለው እርግጥ ነው። እንቅልፍንና የሰውነት ሙቀትን የሚመራው የ24 ሰዓት ምት የሚነሣው አንጎል ውስጥ ከተሰባሰቡ 20,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች ሲሆን፣ ሰው ፀሐይ በማይደርስበት ዋሻ ቢቀመጥ እንኳ አይቆምም። ከአንድ ቀን የሚረዝሙት ምቶች ኢንፍራዲያን ይባላሉ፤ ከእነሱም መካከል እውነተኛ ሰዓት ያላቸው አሉ። ፕላቲነሪስ የምትባል የባሕር ትል የምትራባበትን ጊዜ ከጨረቃ ጋር ታስማማለች፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሌሊት ብርሃን ቢነፈጋትም ምቷን ለወራት ትጠብቃለች። ስለዚህ የሴት ዑደትም እንዲህ ያለ ሰዓት አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እስካሁን ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ጠንካራው በ1970ዎቹ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ይመስለኛል። ኧርነስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ ዑደታቸው እንደ ሰው 28 ቀን ገደማ በሆነው ሬሰስ ጦጣዎች ላይ ሠሩ። ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያስነሣው መልእክት እንዳይወጣ አደረጉ፤ ዑደቱም ቆመ። ከዚያ ያንኑ መልእክት አስተላላፊ ሆርሞን በፓምፕ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ መጠኑንም ሆነ ፍጥነቱን ፈጽሞ ሳይቀይሩ ሰጧቸው። ዑደቱ ተመለሰ፤ እንቁላል ተለቀቀ፤ ርዝመቱም የተለመደው ሆነ። ፓምፑ የሚያውቀው ሰዓትን ብቻ ነው፤ 14ኛው ቀን ይሁን 20ኛው የሚነግረው አንዳች ነገር የለም። የወሩን ርዝመት የወሰነው እንቁላል የሚያመነጨው አካል፣ ኦቫሪ ራሱ ነበር።

ኦቫሪ ይህን የሚያደርገው እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው፤ ተረካቢው የሚነሣው ዱላው እጁ ሲገባ ነው። እንቁላል የያዘችው ከረጢት እያደገች ኤስትሮጅን ታመነጫለች። የኤስትሮጅኑ መጠን ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ፣ እስከዚያ ድረስ ሲገታው የነበረውን፣ አንጎል ሥር ያለውን የፒቱታሪ ዕጢ ገልብጦ ያነሣሣዋል፤ እንቁላልም ይለቀቃል። ባዶ የቀረችው ከረጢት ፕሮጄስትሮን እየሠራች ሁለት ሳምንት ገደማ ትቆያለች፤ እርግዝና ከሌለ ትሞታለች፣ የማህፀኑም የውስጥ ሽፋን ይፈሳል። የመጀመሪያው ርቀት የሚያልቀው ከረጢቷ ስትደርስ በመሆኑ ከሴት ሴት፣ ከወር ወር በሰፊው ይለያያል፤ ሁለተኛው ይበልጥ የተወሰነ ነው። ሩጫው የሚጀመረውም አቅም ሲኖር ነው። አን ላውክስ በኦሃዮ ባካሄደችው ሙከራ፣ ዑደታቸው የተስተካከለ ወጣት ሴቶች ከሚያቃጥሉት ጉልበት አንጻር በጣም ጥቂት ሲመገቡ፣ ዑደቱን የሚያስኬዱት የሆርሞን ምቶች በ5 ቀን ውስጥ ተዛብተዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው አብረው የሚኖሩ ሴቶች የወር አበባቸው ይገጥማል፣ ስለዚህ ዑደቱን ከኦቫሪ ውጭ የሚያስተካክለው ነገር አለ የሚለው ነው። ማርታ ማክሊንቶክ በ1971 በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ማደሪያ በሚኖሩ 135 ተማሪዎች ላይ ያደረገችው ጥናት ሐሳቡን ዓለም አቀፍ አደረገው። በኋላ ግን የስሌቱ ዘዴ ተተቸ፤ በ2006 በ186 ቻይናውያን ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናትም መግጠሙን አላገኘም። ነገሩ በሒሳብም ይፈታል፦ 28 ቀን ዑደት ያላቸው ሁለት ሴቶች የጅማሬያቸው ልዩነት ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም፣ በአማካይም 7 ቀን ነው፤ የዑደታቸው ርዝመት ከተለያየ ደግሞ መቀራረብና መራራቅ የግድ ነው። የምናስታውሰው የተቀራረቡበትን ወር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ በጨረቃ በኩል የሚመጣ ነውና። በ2021 የ22 ሴቶችን የብዙ ዓመት መዝገብ የመረመረ ጥናት ዑደታቸው አልፎ አልፎ ከጨረቃ ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። በ2024 ደግሞ 27,000 የአውሮፓ ዑደቶችን የተመለከተ ሥራ አጭር ዑደቶች ረጅሞችን የሚያካክሱ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ ከበስተጀርባ የውስጥ ሰዓት ሊኖር እንደሚችል ተከራክሯል። ይህን በቀላሉ መጣል አይገባም። ይሁንና ያው ጥናት ከጨረቃ ጋር ያገኘው ዝምድና ደካማ ነው። ሰዓት ቢኖር እንኳ ቅብብሉን በጥቂቱ የሚገፋ እንጂ የሚመራ አይመስልም፤ ቢመራው ኖሮ የክኖቢል ጦጣዎች በፓምፕ ብቻ ዑደታቸውን ባላገኙ ነበር።

ጉዳዩ ለሴቶች ቀጥተኛ ውጤት አለው። ኦጊኖ ኪዩሳኩ በ1920ዎቹ በጃፓን እንዳሳየው እንቁላል የሚለቀቅበት ቀን የሚታወቀው ከሚቀጥለው የወር አበባ 12 እስከ 16 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፤ ያም ካለፈ በኋላ ነው። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የመፀነሻ ቀኖቻቸው በሙሉ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የዋሉት 30 በመቶ ያህሉ ሴቶች ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ቀንን ብቻ የሚቆጥር የስልክ መተግበሪያ ያለፉትን ወራት አማካይ ነው የሚናገረው። የጠዋት የሰውነት ሙቀትና በሽንት የሚደረገው የሆርሞን ምርመራ ግን የሚያሳዩት በዚህ ወር፣ በዚህች ሴት ሰውነት ውስጥ የሆነውን ነው።