የኖራ ፊርማ፤ ባለትዳር ሴት በኢብሰን ትያትር

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር መዠመሪያ፤ የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ሔንሪክ ኢብሰን የደረሰው «የአሻንጉሊት ቤት» የተባለ ድርሰት በኮፐንሀገን ከተማ ታትሞ ወጣ፤ በዚያው ወር በ21ኛውም ቀን በዚያችው ከተማ በንጉሣዊው ትያትር ቤት ለመዠመሪያ ጊዜ ታየ። ትያትሩን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው፤ ይኸውም ኖራ የምትባለው ባለትዳር ባልዋንና ሦስት ልጆችዋን ትታ ስትወጣ የውጭው በር ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ነው። ነገር ግን ውልና ሰነድ በመጻፍ የሚውል ሰው ይህን ድርሰት ሲያነብ ዐይኑ የሚያርፍበት ሌላ ስፍራ አለ፤ እርሱም በአንድ የብድር ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖራ ባል ቶርቫልድ ሔልመር በተጋቡ በመዠመሪያው ዓመት ከሥራ ብዛት የተነሣ ታመመ፤ ሐኪሞችም ሙቀት ወዳለበት ወደ ደቡብ አገር ካልሄደ አይድንም ብለው ለሚስቱ ነገሩዋት። ገንዘብ ግን አልነበራቸውም፤ ባልየውም ብድር የሚባለውን ነገር እጅግ ይጠላ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ በዚያ አገር ባለትዳር ሴት ያለ ባልዋ ፈቃድ መበደር አትችልም። ስለዚህ ኖራ ክሮግስታድ ከሚባል ሰው 4,800 ክሮን በምስጢር ተበደረች፤ ባልዋንም ወደ ኢጣልያ ወስዳ አዳነችው፤ ገንዘቡን የሰጠን አባቴ ነው አለችው። አበዳሪው አባትዋ ዋስ ሆኖ እንዲፈርም ጠይቆ ነበር፤ አባትዋ ግን በሞት አፋፍ ላይ ስለ ነበረ ልታስጨንቀው አልወደደችም፤ ስሙን በገዛ እጅዋ ጻፈችው፤ ቀኑንም ኦክቶበር 2 ብላ አኖረችበት። አባትዋ የሞተው ግን ሴፕቴምበር 29 ቀን ነበረ። ሟች በሞተ በሦስተኛው ቀን ዋስ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ማናቸውም ዳኛ ይህን ወረቀት ቢያይ ሐሰተኛ ነው ከማለት በቀር ሌላ ሊፈርድ አይችልም፤ እኔም ኖራ ከዚህ ጥፋት ንጹሕ ናት አልልም። ዳሩ ግን ሕጉ አስቀድሞ የቀናውን በር ዘግቶባት ነበር። ባልዋን ከሞት ለማዳን የገዛ ስምዋ ስለማይበቃ የሌላ ሰው ስም አስፈለጋት።

ዕዳውን የከፈለችበትም መንገድ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ባልዋ ለልብስና ለቤት ወጪ ከሚሰጣት ላይ ርካሹን እየገዛች ትቈጥባለች፤ ባለፈው ክረምትም ጽሕፈት የመገልበጥ ሥራ አግኝታ በየማታው ክፍልዋን ቈልፋ እስከ እኩለ ሌሊት ትጽፍ ነበር። ጽሕፈት ሲገለብጡ ማምሸት ወገብንና ዐይንን ምን ያህል እንደሚያደክም የምናውቅ ሰዎች ይህን ቃል በቸልታ አናልፈውም። እርስዋ ግን ምንም እንኳ ድካሙ ቢበረታባት፤ ሠርታ ገንዘብ ማግኘትዋ ወንድ የሆነች ያህል እንዳስደሰታት ለወዳጅዋ ለክርስቲነ ሊንደ ትነግራታለች። በእኔ አሳብ ኖራ ራስዋን ማወቅ የዠመረችው በዚሁ በተቈለፈው ክፍል ውስጥ ነው። ባልዋ በበኩሉ ወፌ፤ ሽኮኮዬ እያለ ያቈላምጣታል፤ ጥርስሽ ይበላሻል ብሎም ጣፋጭ ይከለክላታል።

ሔልመር የባንክ ዲሬክተር ሆኖ በተሾመ ጊዜ በዚያው ባንክ የሚሠራውን ክሮግስታድን ሊያስወጣው ቈረጠ። ክሮግስታድም ምስጢሩን የሚገልጥ ደብዳቤ ጽፎ በደብዳቤው ሣጥን ጣለው፤ የሣጥኑ ቍልፍ ያለው ደግሞ በባልየው እጅ ብቻ ነው። ኖራ ባልዋ ነገሩን ሲያውቅ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ የሚቆምላት መስሎአት፤ ይህን ተአምር ትፈራውም ትናፍቀውም ነበር። እርሱ ግን ደብዳቤውን አንብቦ ሰደባት፤ ልጆችዋን ለማሳደግ የማትገባ ናት አለ፤ ለሰው ዐይን ሲል ብቻ በቤቱ እንድትቀመጥ ፈቀደላት። ጥቂት ቈይቶ አበዳሪው ወረቀቱን መልሶ ሲልክ፤ መዳኑን በደስታ ጮኾ ተናገረ፤ ሚስቱ እስክትጠይቀው ድረስ ስለ እርስዋ መዳን አላሰበም። ወዲያውም ይቅርታውን ሰጣት።

ኖራ ወደ ውስጥ ገብታ የጭፈራ ልብስዋን አውልቃ የዘወትር ቀሚስዋን ለብሳ ተመለሰች፤ ባልዋንም ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጠችው። በስምንት ዓመት ትዳራቸው ባልና ሚስት ሆነው ስለ ቁም ነገር ሲነጋገሩ ይህ የመዠመሪያቸው ነው። አስቀድሞ አባትዋ፤ ቀጥሎም ባልዋ እንደ አሻንጉሊት እንደ ተጫወቱባት፤ እርስዋም ልጆችዋን እንዲሁ እንዳደረገች ነገረችው። እርሱ የሚስትነትና የእናትነት ግዴታዋን ሲጠቅስባት፤ ለራስዋም የሚገባት ግዴታ እንዳለባት መለሰችለት። ቍጣም ልቅሶም የለበትም፤ ሒሳብ እንደሚተሳሰቡ ሰዎች ነው የሚነጋገሩት፤ ይህም ከማናቸውም ጩኸት ይልቅ ተመልካቹን ያስጨንቀዋል።

በ1880 በጀርመን አገር ሔድቪግ ኒማን ራበ የተባለችው ዝነኛ ተጫዋች፤ እኔ ልጆቼን ትቼ አልወጣም ብላ ይህን መጨረሻ አልጫወትም አለች። ኢብሰንም ሌላ ሰው እንዳያበላሽበት ራሱ ሌላ መጨረሻ ጻፈ፤ በዚያም ኖራ የተኙትን ልጆችዋን አይታ ጕልበትዋ ይከዳታል። ደራሲው ይህን በድርሰቱ ላይ እንደ ተደረገ ግፍ ቈጥሮታል። የሆነ ሆኖ የተጫዋቺቱ ጭንቀት የሚናቅ አይደለም።

ለድርሰቱ መነሻ የሆነችውም ላውራ ኪለር የምትባል ደራሲት ናት። እርስዋም ሳንባውን የታመመ ባልዋን ለማዳን በምስጢር ተበድራ ወደ ኢጣልያ ወስዳው ነበር። መክፈል ሲያቅታት መጽሐፍ ጽፋ ለአሳታሚ እንዲያማልዳት ለኢብሰን ላከችለት፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ከዚያ በኋላ በሐሰት ሰነድ ገንዘብ ለማውጣት ሞከረች፤ ነገሩም ተገለጠ፤ ባልዋ ልጆችዋን ነጥቆ ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት አስገባት። ኋላም መልሶ ተቀበላት። በትያትሩ ሴቲቱ በፈቃድዋ ወጣች፤ በእውነቱ ዓለም ግን አስወጥተው መለሱዋት።

በ1884 ኢብሰን ከሦስት ደራሲዎች ጋር ሆኖ ባለትዳር ሴት የራስዋ ሀብት እንዲኖራት ለኖርዌይ ፓርላማ አመለከተ፤ በ1888ም ሕጉ ወጣ። ይሁን እንጂ በ1898 በሴቶች ማኅበር ግብር ላይ፤ ለሴቶች ጉዳይ አስቦ እንዳልሠራና አሳቡ የሰው ልጅ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ተናግሮአል።

በ1923 በፔኪንግ ከተማ ሉ ሹን የተባለው የቻይና ደራሲ ኖራ ከወጣች በኋላ ምን ሆነች የሚል ንግግር ለሴቶች ተማሪ ቤት አደረገ፤ ገንዘብ ከሌላት ወይ ትወድቃለች ወይ ትመለሳለች አለ። እኔም ይህን ካነበብሁ ወዲህ ኖራ በዚያች ሌሊት ወዴት እንደ ሄደች እመለከታለሁ። የምታድረው በክርስቲነ ቤት ነው፤ እርስዋም ባልዋ ሞቶባት እናትዋንና ወንድሞችዋን በሥራዋ ያኖረች ሴት ናት። ኖራ ከሔልመር ምንም ገንዘብ አልቀበልም ብላለች፤ በማግሥቱ ክርስቲነ መጥታ ኖራ ከአባትዋ ቤት ይዛ የመጣችውን ዕቃ ብቻ ለይታ ታሥርላታለች።