የሐጅ ገንዘባቸውን ያበደሩት አያት

 

በየዓመቱ በረመዳን ወር ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አጭር መልስ ያላቸው ናቸው። የዓይን ጠብታ ጾም ያበላሻል ወይ? ነፍሰ ጡር ሳትጾም ያለፋትን መቼ ትክፈል? ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ አንዱ ቀን ምን ያህል ይመግብ? ባለፈው ዓመት ግን በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ማሻ ከሚኖሩ አንዲት አያት የመጣልን ጥያቄ ቁጭ ብለን እንድናስብ አደረገን። «ለሐጅ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ለልጅ ልጄ ባወጣው አላህ ይጠይቀኛል ወይ?» ነበር ያሉን።

ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ዓመታቸውን ግን ለሌላው ቤተሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ እንድንጽፈው ፈቅደውልናል። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። ልጆች ወልደው ድረዋል፣ አንድ ልጅ ቀብረዋል፣ ዘንድሮ ደግሞ ቅድመ አያት ሆነዋል።

ሁለት አቆጣጠር፣ አንድ ጓሮ

እኒህ እናታችን ዓመትን የሚቆጥሩት በሁለት መንገድ ነው። ጾማቸውና ዒዳቸው በጨረቃ ይሄዳል፤ ጓሯቸው በፀሐይ። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። ረመዳን ከክረምት ወደ በልግ፣ ከበልግ ወደ በጋ እያለ ዞሮ እዚያው ወቅት ላይ ለመድረስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እሳቸው ይህን ዙር ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል። «በክረምት ጭቃ ጾሜአለሁ፣ በአጨዳ ጾሜአለሁ፣ በበልግ ዘርም ጾሜአለሁ» ይላሉ።

ያለፈው ረመዳን የገባው በልጉ በሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። ሱሑር በልተው፣ ሱብሒ ሰግደው፣ ፀሐይ ሳትከር የድንች ዘር ይተክሉ ነበር። አገሩ ደጋ ነው። ቡና አይበቅልበትም፤ ለወዳጃው የሚፈላው ቡና ከገበያ የሚመጣ ነው። ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ግን ይስማማዋል። በቤቱ ጥግ ጤና አዳምና አሪቲ አለ። ነጭ ሽንኩርቱ ሰኔ ላይ ተተክሎ ጥቅምት ላይ ይነቀላል። የሐጃቸው ገንዘብ ለዓመታት የተጠራቀመው ከዚህ ሽንኩርትና ከአንዲት ጊደር ሽያጭ ነው።

ውኃ ከምንጭ በጀሪካን ስለሚመጣ አይባክንም። ውዱእ የሚያደርጉት ጎመኑ መደብ ዳር ቆመው ነው። ከእጃቸውና ከእግራቸው የሚወርደው ውኃ ወደ ጎመኑ ይፈሳል። «ይህ ነውር ይሆን?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ነውር የለበትም። ለውዱእ የዋለ ውኃ ጦሃራ ነው፤ ብዙ ዑለሞች ዳግመኛ ለውዱእ አይበቃም ቢሉም ለአትክልት ግን ይበቃል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በውዱእ ውኃ ከማባከን አስጠንቅቀዋል። አንድ ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለትም በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ አስተምረዋል። እናታችን ይህን ከሰሙ ወዲህ ጎመናቸውን የሚቆነጥሩ ወፎችን ማባረር ትተዋል ሲሉ ልጆቻቸው ይስቃሉ።

እዚህ ላይ ለገበሬ ቤተሰቦቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። ጎመንና ሽንኩርት በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ የእህል ዘካ የለባቸውም፤ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን አለባቸው ይላሉ። ስንዴና ገብስ 5 ወስቅ፣ በዛሬው ሚዛን በግምት 650 ኪሎ ሲደርሱ፣ በዝናብ የበቀለው ከ10 እጅ አንዱ፣ በልፋት በመስኖ የጠጣው ደግሞ ከ20 እጅ አንዱ ይወጣለታል።

የዓመቱ ደስታዎች

ከዒድ አልፊጥር በኋላ አንደኛው የልጅ ልጃቸው ቁርአን አኸተመ። ደረሳዎቹ ተሰበሰቡ፣ ቂንጬ ተቀቀለ፣ ዱዓእ ተደረገ። እናታችን ራሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ የመጨረሻዎቹን ሱራዎች ሲያነብ ግን በቃላቸው ይከተሉት ነበር።

ኅዳር ላይ ትልቋ የልጅ ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ታረደ፣ ስም ወጣ፣ ፀጉሯ ተላጨ፤ በክብደቱ ልክ የብር ዋጋ ለሚስኪን ተሰጠ። በሻፊዒ መዝሀብ ለሴት ልጅ አንድ፣ ለወንድ ሁለት በግ ነው። አቅም ከሌለ ለወንዱም አንድ ይበቃል፤ ምንም የሌለው ደግሞ አይገደድም። ተበድሮ ዐቂቃ የሚያወጣ ቤተሰብ ሱናውን ወደ ሸክም ይለውጠዋል።

ጥር ላይ ሌላዋ የልጅ ልጃቸው ተዳረች። የኒካሑ ቀን መህሩ ሲነሳ አጎቶቿ «ለድግሱ ወጪ ይግባ» አሉ። እናታችን ከሴቶቹ መካከል ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «መህሩ የማን ነው? እስቲ ኢማሙ ይናገሩ!» አሉ። እኛም ተናገርን። መህር የሙሽሪት ነው። የአባት አይደለም፣ የአጎትም አይደለም፣ የድግስም አይደለም። ቁርአን ለሴቶች መህራቸውን በደስታ ስጡ ብሎ በሱረቱ ኒሳእ አዟል፤ ከዚያ በገዛ ፈቃዷ ብትሰጥ ያ የእሷ ጉዳይ ነው። መህሩ በሙሽሪት እጅ ገባ። ድግሱም ትንሽ አነሰ፤ ማንም ግን ሳይበላ አልሄደም።

ጥያቄው

ዋናው ነገር የተፈጠረው ግን ከዒድ አልአድሓ በኋላ ነበር። አባቱ የሞተበት የልጅ ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ደላላ አገኘው። መንገዱን በአገራችን የማያውቅ የለም። በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር ነው። በዚህ መንገድ ሄዶ ሠርቶ ለቤተሰቡ ቤት የሠራ አለ። ባሕር ላይ የቀረም አለ። በየመን ታግቶ ዘመዶቹ ላም ሸጠው ያስለቀቁት አለ። የሄደበት ሳይታወቅ እናቱ ዛሬም በየሶላቱ የምታለቅስለትም አለ።

እናታችን ወሬውን ከጎረቤት ሰሙ። ልጁን ጠርተው «ምን ብታገኝ ነው የምትቀር?» አሉት። የሞባይል ጥገና መልመዱን፣ መሣሪያና የቤት ኪራይ ቢያገኝ መካነ ሰላም ላይ መሥራት እንደሚችል ነገራቸው። ገንዘቡ ያለው በሐጅ ሣጥናቸው ውስጥ ነበር። ወደ እኛ የመጡት ያኔ ነው።

በጀመዓው መካከል ሁለት ሐሳብ ተነሳ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «የልጁ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ የእሳቸው ዕድሜ ግን እየመሸ ነው፤ ካዕባን ሳያዩ ቢሞቱስ?» አሉ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሐጅ ከእስልምና ማዕዘናት አንዱ ነው፤ ግዴታ የሆነበት ሰው ያለ ምክንያት ማዘግየት የለበትም የሚሉ ብዙ ዑለሞች አሉ። ኢማሙ ሻፊዒ ግን የመፈጸም ቁርጥ ሐሳብ እስካለ ድረስ ማቆየት ይቻላል ብለዋል።

እኛ በቅድሚያ የጠየቅነው ሌላ ነገር ነው፤ ሐጁ በእሳቸው ላይ ግዴታ ሆኗል ወይ? ቁርአን በሱረቱ አልዒምራን ሐጅን ያደረገው መንገዱን በቻለ ሰው ላይ ነው። ፉቀሃዎች ችሎታን ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣው ከዕዳ የተረፈ፣ እስኪመለስም ድረስ እሱ ሊያኖራቸው ከሚገባው ሰዎች ቀለብ የተረፈ መሆን አለበት ይላሉ። የእናታችንን ገንዘብ ስንቆጥረው የዓመቱን የሐጅ ክፍያ አይሞላም ነበር። አባት የሌለው፣ ሥራ ያጣ የልጅ ልጅም ባዕድ አይደለም። ስለዚህ «ሐጁ ገና አልጸናብዎትም፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ ነፍስ ከአደጋ ማዳን ደግሞ ታላቅ ዒባዳ ነው» አልናቸው።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን እኛ አልነገርናቸውም፤ ከራሳቸው ነው የመጣው። «ስጦታ ካደረግሁለት ይሰንፋል፤ ሐጄም ይቀራል። ብድር ይሁን፤ ጻፉልኝ» አሉ። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱ አልበቀራ የሚገኘው ስለ ብድር መጻፍ የሚያዘው ነው። ስንቶቻችን በዘመድ መካከል እንሠራበታለን? «ዘመድ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እያልን ስንት ወንድማማች ተኳርፎ ቀረ! ያን ቀን ግን መስጂድ ውስጥ ወረቀት ወጣ፤ መጠኑና የመመለሻው ጊዜ ተጻፈ፣ ሁለት ምስክር ፈረመ። ወለድ የለውም። ልጁ በየወሩ የሚመልሰው ወደዚያው ሣጥን ይገባል።

እስከዚህ ረመዳን ድረስ ሰባት ወር ሆኖታል። አምስቱን ከፍሏል። ሁለቱን ወር መብራት እየጠፋ ሥራው ስለተቀዛቀዘ አልቻለም። ያው ሱራ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ ያዛልና አያቱ ጠበቁት። ደላላው አሁንም ይደውልለታል ይባላል። ልጁ አልሄደም።

ወደ ጀማ ንጉሥ

በክረምቱ መገባደጃ፣ በረቢዐል አወል ወር፣ እናታችን ከልጃቸው ጋር ጉዞ ወጡ። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርገው ደሴ ገቡ፣ ዘመድ ቤት አደሩ፣ ከዚያም ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ ሄዱ። ጀማ ንጉሥ በአልቡኮ የሚገኝ የዒልም መንደር ነው። የመሠረቱት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መባቻ የኖሩት ታላቁ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። መውሊድን በጋራ ማክበር በወሎ የተስፋፋው ከእሳቸው ሐድራ ተነስቶ እንደሆነ ይነገራል።

በዚህ ዓይነቱ ጉዞ ዑለሞች እንደሚለያዩ እናውቃለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ የሚታጨቀው ወደ ሦስቱ መስጂዶች፣ ወደ መካው፣ ወደ መዲናውና ወደ አቅሳው መሆኑን ተናግረዋል። ከዚህ በመነሳት ለቀብር ዝያራ ብሎ መጓዝን የከለከሉ አሉ። እንደ ኢማም ነወዊ ያሉት ደግሞ ሐዲሱ የመስጂዶችን ብልጫ የሚናገር እንጂ ዝያራን የሚከለክል አይደለም ብለዋል። በሁለቱም ወገን ያለው ግን በአንድ ነገር ይስማማል፤ የሚለመነው አላህ ብቻ ነው። እናታችንም ሲሄዱ ይህንኑ ነገርናቸው። «ለልጁ አላህን ለመለመን ነው፤ መንዙማውንም ጆሮዬ ሳይደነቁር ልስማው» አሉን።

ሲመለሱ ከኮምቦልቻ የብርቱካን ችግኝ ይዘው መጡ። ደጋ አይሆንም ቢባሉም ተከሉት። በኅዳር ውርጭ ደረቀ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከል ማለታቸውን ሰምተዋልና በዚያው ጉድጓድ ለብርድ የሚችል የአፕል ችግኝ ተክለዋል።

ሁለቱ ግመሎች

በዚህ ወር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የምንነግረው አንድ ታሪክ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሂጅራ 10ኛው ዓመት፣ በ632፣ ከሐጅ ሲመለሱ አንዲትን የአንሷር ሴት ከእኛ ጋር ሐጅ እንዳታደርጊ ምን ከለከለሽ ብለው ጠየቋት። ቤታቸው ውኃ የሚቀዱባቸው ሁለት ግመሎች ብቻ ነበሯቸው። በአንዱ ባልና ልጅ ሐጅ ሄዱበት፤ ሁለተኛው ተክል ለማጠጣት ቤት ቀረ፤ እሷም አብራ ቀረች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልወቀሷትም። በረመዳን የሚደረግ ዑምራ ከሐጅ ጋር እንደሚስተካከል ነገሯት። ዑለሞች እንዳብራሩት ይህ በምንዳ ነው እንጂ ግዴታ የሆነውን ሐጅ የሚያስቀር አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ውኃ ለማጠጣት ቤት የቀረች ሴት በአላህ ዘንድ እንዳልተረሳች ነው። በየቤታችንም እንዲህ የቀሩ አያቶች አሉ። ሌላው ሲማር፣ ሲዳር፣ ሲጓዝ፣ ግመሉን ይዘው የቀሩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ውድ ቤተሰቦች፣ በዚህ ረመዳን ከፊጥር በኋላ አያታችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ። ምን እያጠራቀሙ ነው? ለምን? ስንት ይጎድላል? ልጆችና የልጅ ልጆች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ የማይሞላ ሣጥን ጥቂት ነው። ከእነሱ የተበደራችሁ ካላችሁ ጻፉት፣ መልሱትም። ሐጅ ግዴታ ሆኖባቸው ጉልበታቸው የደከመ ካሉ ደግሞ ለራሱ ሐጅ ያደረገ ሰው ሊሄድላቸው ይችላል። አባቷ በመጓጓዣ ላይ መቀመጥ የማይችል የኸስዐም ጎሳ ሴት ጠይቃ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደውላታል።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ደላላው የሚነግራችሁን ስትሰሙ፣ አያታችሁ ለእናንተ ምን እንዳቆዩ አስቡ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከእነሱ ጋር ተማከሩ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ለናፈቀ ካዕባን ያሳይ፣ በባሕር ላይ ያሉትን ያውጣ፣ ባለዕዳውን ያቅናለት፣ አያቶቻችንን በዕድሜና በጤና ያቆይልን። አሚን።