ሳይመረመር የሚቀየር ፓምፕ

«መኪናዬ አልነሳ አለኝ» የሚለው አቤቱታ ሁለት የማይገናኙ ሕመሞችን በአንድ ስም ይጠራል። በአንደኛው ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ዝም ይላል፣ ወይም «ጠቅ» ብሎ ይቀራል፤ ይህ የባትሪ፣ የገመድ ወይም የሞተሪኖ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ሞተሪኖው ሥራውን ይሠራል፣ ሞተሩም ይዞራል፣ ግን አይነሳም። በዚህ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ ሰው ተጠርቶ መኪናው ይገፋል፤ ካልሆነ ጋራዥ ይገባና ካንዴላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ፣ ቀጥሎ ኮይል። ከእነዚህ በአንዱ ሞተሩ ከተነሳ «እሱ ነበር ችግሩ» ተብሎ የሁሉም ሒሳብ ይከፈላል። ይህ አካሄድ ምርመራ ሳይሆን ዕጣ ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። እየዞረ አለመነሳቱ ራሱ ብዙ ነገር የሚናገር ምልክት ነው፤ የቀረውም በጥቂት ርካሽ ፈተናዎች ይታወቃል፤ ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና አቆይቶ መንዳት ለብዙ ቤተሰብ የግድ ስለሆነ፣ በግምት የሚባክነው ገንዘብ ከቀድሞው የበለጠ ያሳስባል።

የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ በቂ ዙር፣ የታመቀ አየር፣ ነዳጅ እና በሰዓቱ የሚፈነጥቅ እሳት ያስፈልጉታል። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ያዞረዋል። ሆኖም ሞተሩ ስለዞረ ብቻ ባትሪው ጤነኛ ነው አይባልም። ሙሉ ባትሪ ምንም ሳይጎትተው 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ እየዞረ ሳለ ከ10 ቮልት በታች ካሽቆለቆለ ግን እሳቱንና ኢንጀክተሮቹን የሚያዘው ኮምፒውተር ሥራውን በአግባቡ ላይሠራ ይችላል። የመግፋት ነገርም የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። መግፋት የሞተሪኖውን ሥራ ይተካል እንጂ ቤንዚን አያመጣም፣ እሳትም አይፈጥርም። ስለዚህ በደንብ የሚዞር ሞተር በመገፋቱ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም። በሞተሪኖ እምቢ ያለው ሞተር ተገፍቶ ከተነሳ ግን ጣቱ ወደ ደከመ ባትሪ ወይም ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ወደሚጎትት ሞተሪኖ ይጠቁማል፤ ፓምፕ የሚገዛበት ምክንያት አይኖርም።

ከመግፋት በፊት ግን ጆሮ መስጠት ይገባል፣ ምክንያቱም አንድ ሕመም አለ መገፋትም ሆነ ቁልፍ መደጋገም የሚያባብሰው። ጤነኛ ሞተር ሲዞር ምት አለው፤ ፒስተኖቹ አየር ባመቁ ቁጥር ሞተሪኖው ከበድ ይለዋል፣ ቀጥሎ ቀለል ይለዋል። የታይሚንግ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ አየር መታመቁ ይቀራል፣ ሞተሩም ምት አጥቶ ከወትሮው ፈጥኖ ይሽከረከራል። ይህ ድምፅ ሲሰማ ቁልፉን ወዲያው መልቀቅ ነው። በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ መትቶ ስለሚያጣምመው፣ በቺንጋ ሊያልቅ የሚችለው ወጪ ቴስታታ እስከ ማስወረድ ይደርሳል። ካዲላክ በ1912 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ሾፌሮች ሞተሩን በእጅ መዘውር ሲያዞሩ የአየሩን መታመቅ በክንዳቸው ያውቁት ነበር። ለእኛ የቀረን ጆሯችን ነው፤ ማንም ባለመኪና ሞተሩ ደህና በሆነበት ቀን አዳምጦ ሊያለማምደው ይችላል።

ምቱ ደህና ከሆነ ጥያቄው ይጠባል፦ የጠፋው እሳት ነው ወይስ ነዳጅ? ሞተሩ ጥቂት ከዞረ በኋላ ካንዴላ ፈትቶ ማየት ብዙ ይናገራል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። በቤንዚን ከረጠበ ነዳጅ ደርሷል፤ ወይ እሳት የለም፣ ወይ ሞተሩ ከመጠን በላይ በቤንዚን ተጥለቅልቋል። ለመጥለቅለቁ፣ በብዙ ኢንጀክሽን መኪኖች የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሩን ማዞር ኮምፒውተሩ ነዳጅ እንዲያቆም ያዘዋል። እሳቱ ደግሞ በመፈተሻ መሣሪያ ይታያል እንጂ ገመድ በእጅ ተይዞ አይሞከርም፤ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነውና፣ ቤንዚን በፈሰሰበትም እሳት ያስነሳል። ይበልጥ ትኩረት የሚሻው እሳትም ነዳጅም አብረው የጠፉ እንደሆነ ነው። ኮይልና ፓምፕ በአንድ ጠዋት ተያይዘው የሚሞቱበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ መፈለግ ያለበት ሁለቱን የሚያዝ አንድ ነገር ነው። ፊውዝ ሊሆን ይችላል። የቁልፉን ኮድ የማያውቅ ኢሞቢላይዘር ሊሆን ይችላል፤ በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ሁለተኛውን ቁልፍ መሞከር ነው። ወይም የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው የክራንክሻፍት ሴንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና በተለይ ይህን ያስጠረጥራል።

ያለ ጥፋቱ በብዛት የሚቀየረው ዕቃ የቤንዚን ፓምፕ ይመስለኛል። «ቁልፍ ስትከፍት ድምፁ ካልተሰማ ሞቷል» የሚለው ፈሊጥ ለብዙ መኪኖች ቢሠራም በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ፓምፑ የሚነሳው ሞተሩ መዞር ሲጀምር ነው፤ ቶዮታ በሞላባት ከተማ ይህን አለማወቅ ብዙ ያስወጣል። በሌሎች መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላየ ፓምፑን አያሠራውም፤ ስለዚህ የፓምፑ ዝምታ የሴንሰሩ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የነዳጅ መለኪያው ሊዋሽ ስለሚችል መጀመሪያ ጥቂት ሊትር መጨመር፣ ከዚያ ፊውዙን ማየት፣ ከዚያ የፓምፑን ሪሌ ተመሳሳይ ከሆነ ከጥሩምባው ሪሌ ጋር መቀያየር ዋጋ የማያስከፍሉ ፈተናዎች ናቸው። ኤሌክትሪክ ፓምፑ ድረስ መድረሱ በቮልት መለኪያ ይረጋገጣል። በተለመደው የቤንዚን ኢንጀክሽን ግፊቱ 3 ባር ገደማ ነው፤ ይህን ጌጅ ይናገራል። ቤንዚኑ ራሱ ከተጠረጠረ ትንሽ በጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል።

ልምድ ያለው መካኒክ ይህን ሁሉ ሳያደርግ ያውቃል የሚሉ አሉ። ልምድን አልንቅም፤ ልምድ የትኛው ፈተና እንደሚቀድም ይነግራል፣ ፈተናውን ግን አያስቀርም። መቀየርም ራሱ ፈተና ነው የሚለው መከራከሪያ የሚሠራው የገባው ዕቃ ጤነኛ መሆኑ ሲታወቅ፣ ካልሆነም ሲመለስ ነው። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ አዲስ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ከተገጠመ በኋላም አይመለስም። «ኮምፒውተር ይነበብ» የሚለው ምክር ደግሞ ጥሩ ነው፣ ግን ከሚችለው በላይ ይጠበቅበታል። ፒ0335 የሚለው ኮድ የክራንክሻፍት ሴንሰሩን መስመር ይጠቁማል፤ የተበላ ሽቦም፣ የላላ ሶኬትም፣ የሞተ ሴንሰርም ያንኑ ኮድ ሊያወጡ ይችላሉ። ባዶ ሰልባትዮ ደግሞ ምንም ኮድ ላያወጣ ይችላል። ከኮዱ ይልቅ ሞተሩ እየዞረ ሳለ የኮድ ማንበቢያው ማሽን ስንት ዙር እንደሚያሳይ ማየት ይበልጣል፤ ዜሮ ካለ ኮምፒውተሩ ዙሩን እያየ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ የመካኒኮቹ መልስ ነው፦ ደንበኛው ለዕቃ እንጂ ለምርመራ አይከፍልም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጥፋቱም የእኛ የባለመኪኖች ነው። ሐኪም ቤት ለላቦራቶሪ ያለ ክርክር የምንከፍል ሰዎች፣ መካኒኩ ሁለት ሰዓት ፈትሾ አንድ ልቅ ሶኬት ቢያጠብቅ «ምን ሠራህና?» እንለዋለን። ከዚህ በኋላ ዕቃ ሳይቀይር ሒሳብ ለመጠየቅ ቢፈራ አይፈረድበትም። የምርመራ ዋጋ ከዕቃና ከመግጠሚያ ተለይቶ አስቀድሞ ቢነገርና ቢከፈል መካኒኩ ዕቃ ለማስገዛት የሚገፋፋው ነገር ይቀንሳል።

ናፍጣ ሞተር እሳት ስለማይፈልግ መንገዱ ያጥራል። ሲዞር ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው እየተረጨ ነው፣ ግን አይቀጣጠልም፤ የማሞቂያ ካንዴላው ወይም ኮምፕሬሽኑ ይታያል። ጭስ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም፤ ፊልትሮ ከተቀየረ ወይም ናፍጣ ካለቀ በኋላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፣ መተንፈስ አለበት።

«ሞተር ይከፈት» የሚለው ፍርድ ከኮምፕሬሽን ጌጅ በፊት መሰጠት የለበትም፤ ጌጁም በአገሩ ልክ መነበብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፣ የጌጁም ንባብ አብሮ ይወርዳል። የፋብሪካው መመሪያ 12 ባር የሚለው የቤንዚን ሞተር እዚህ 9 ባር ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። መመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው «ኮምፕሬሽን የለውም» ብሎ ደህናውን ሞተር ያስከፍታል። አራቱም ሲሊንደሮች በእኩል 9 ካሳዩ ቴስታታው አይነካም፤ መካኒኩ ወደ እሳቱና ወደ ነዳጁ ይመለስ።