የንግድ ቤት የይለፍ ቃሎች በየትኛው ማኅደር ቢቀመጡ ይሻላል?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቆሼ አካባቢ የሚነግድ ሰው ከሌላው የአዲስ አበባ ነጋዴ አስቀድሞ የሚረዳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተጣለ ዕቃ ሁሉ ጠፋ ማለት አለመሆኑን ነው። የከተማው ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲደፋበት በኖረው በዚህ ስፍራ ብዙ ሰዎች ፕላስቲኩን፣ ብረቱንና ወረቀቱን እየለዩ በመሸጥ ኑሯቸውን ሲገፉ ቆይተዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ባጡ ጊዜ በዚያ የመኖርና የመሥራት አደጋ ለአገር ሁሉ ታይቷል። ቆራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበው አሮጌ ዕቃም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ዳግመኛ ለገበያ ይቀርባል። እነዚህ ሠራተኞች የሚፈልጉት ዕቃውን እንጂ በላዩ የተጻፈውን አይደለምና እነርሱን መጠርጠር ነውር ነው። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤታችን የወጣ ደብተር፣ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ከዚያ በኋላ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ሊነግረን የሚችል ማንም የለም።

ይህን ማንሣቴ የጸሐፊን ጠረጴዛ መሳቢያ አሳምሬ ስለማውቅ ነው። በአብዛኛው ንግድ ቤት የይለፍ ቃል፣ በተለምዶ ፓስወርድ የምንለው፣ የሚገኘው በአንድ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ወይም በኮምፒዩተሩ ጠርዝ በተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ አለዚያም ባለቤቱ ለሒሳብ ሠራተኛው በቴሌግራም በላከው መልእክት ውስጥ ነው። ቀድሞ የአንድ ኢሜይል ቃል ብቻ በነበረ ጊዜ ይህ አያስጨንቅም ነበር። ዛሬ ግን ግብር የሚታወቀው በኢንተርኔት ነው፤ የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው በኢንተርኔት ነው፤ የባንኩ ሒሳብ አለ፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ተጨምሯል፤ ከውጭ አገር ዕቃ ላኪዎች ጋር የምንጻጻፍበትም ሌላ ነው። ተቈጥረው ከሃያ የሚያንሱበት ንግድ ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሰው ይህን ሁሉ በአእምሮው መያዝ ስለማይችል የድርጅቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አጋጥሞ አንዱን ቃል በየቦታው ይጠቀምበታል። ከቦታዎቹ አንዱ የተዘረፈ ዕለት ግን ሌቦቹ ያንኑ ቃል በሌሎቹ ደጆች ሁሉ በመኪና ፍጥነት ይሞክሩታል።

ጉዳቱም የሚመጣው በሌባ ብቻ አይደለም። በሰፈራችን በሚገኝ አንድ ንግድ ቤት የሒሳብ ሠራተኛው ወደ ውጭ አገር ሄደ። የግብሩ ማስታወቂያ መግቢያ የተከፈተው በእርሱ ኢሜይልና በእርሱ ስልክ ቁጥር ነበር። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ባለቤቱ ገንዘቡን አዘጋጅተዋል፤ መዝገቡም ተሟልቷል፤ መግቢያው ግን አልከፈት አለ። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንዲት ሳንቲምም አልተሰረቀም። ባለቤቱ ግን የገዛ ድርጅታቸውን ደጅ ለማስከፈት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለሱ ብዙ ቀን አለፈ።

ለዚህ ችግር የተበጀው መሣሪያ በባዕድ አጠራሩ ፓስወርድ ማኔጀር ይባላል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ማኅደር እለዋለሁ። ማኅደሩ ቃሎቹን ሁሉ ወደማይነበብ ምሥጢር ለውጦ በአንድ መዝገብ ይቈልፍባቸዋል፤ መዝገቡን የሚከፍተው አንድ ዋና ቃል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መግቢያ ረጅምና ከሌላው የተለየ ቃል ራሱ ፈጥሮ ስለሚመዘግብ ሰው ሃያውን ማስታወስ ቀርቶለት አንዱን ብቻ ይይዛል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅምም አለው። አጭበርባሪዎች የባንክን ገጽ አስመስለው ሠርተው፣ አድራሻውን በአንድ ፊደል ብቻ አዛብተው ይልኩልናል፤ የደከመ ዐይን ይህን አይለይም። ማኅደሩ ግን የሚያመሳክረው የገጹን መልክ ሳይሆን አድራሻውን ስለ ሆነ ቃሉን አይሞላም። እምቢ ባለ ጊዜ ቃሉን በእጅ ገልብጦ ከመጻፍ አድራሻውን ደግሞ ማንበብ ይገባል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ የውጭ አገር መጽሔቶች የሚያወድሱት ሁሉ ለእኛ አይስማማም። መሠረቱ ካናዳ የሆነው ዋንፓስወርድ ጥሩ ስም ያለው ነው፤ ሆኖም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚሰጠው አገልግሎትም ለሙከራ ብቻ ነው። ክፍያውን በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ካርድ የሚፈጽም ነጋዴ የቤቱን ቁልፍ በሌላ ሰው ካርድ ዕድሜ ላይ አንጠለጠለ ማለት ነው። ቢትዋርደን ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 የወጣ፣ የተሠራበት ኮድ ለተመልካች ሁሉ ክፍት የሆነ፣ ያለ ክፍያም የቃሎቹን ብዛት የማይገድብ ነው፤ ሁለት ሰዎች ያለ ክፍያ የጋራ መዝገብ ሊይዙበትም ይችላሉ። ኪፓስ የሚባለው ደግሞ ጀርመናዊው ዶሚኒክ ራይሽል በ2003 ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ሲሆን መዝገቡ በገዛ ኮምፒዩተራችን የሚቀመጥ አንድ ፋይል ነው። በጎግል ክሮም ውስጥ የሚገኘው ማኅደርም ከደብተር እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን ሦስት ሰው እየተፈራረቀ በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ከዋለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ባለ ቁልፍ ይሆናል።

ነጋዴው ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ነገር መሥመሩ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የኢንተርኔት አገልግሎት በአገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ኢንተርኔት ከሌለ የባንኩስ ገጽ መቼ ይከፈታል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን የፒችትሪው የሒሳብ ፕሮግራም ቃል፣ የኮምፒዩተሮቹ ቃልና የደንበኞች የሒሳብ ቁጥር በዚያን ጊዜም ያስፈልጋሉ። ኪፓስ ከመሥመር ጋር ጉዳይ የለውም። ቢትዋርደንም አስቀድሞ በተገባበት መሣሪያ ላይ ያለውን ቅጂ ያስነብባል፤ አዲስ ቃል መመዝገብ ግን ያኔ አይቻልም። የኪፓስን ፋይል ያጣ ሰው የሚመልስለት ድርጅት ስለሌለ በሁለት ፍላሽ ገልብጦ አንዱን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ማኖር ግዴታ ነው። ይህን በየሳምንቱ የሚፈጽም ሰው ካለ ኪፓስን፣ ከሌለ ቢትዋርደንን እመርጣለሁ።

ማኅደሩ ራሱ ቢዘረፍስ? የሚያስፈራ ጥያቄ ነው፤ ደርሷልና። ላስትፓስ በተባለው ድርጅት ላይ በ2022 ሰርጎ ገቦች ደርሰው የደንበኞቹን መዝገቦች ቅጂ መውሰዳቸውን ድርጅቱ ራሱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አስታወቀ። ቃሎቹ የተቈለፉ ነበሩ፤ የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን አልተቈለፈም ነበር። ቅጂው በሌባ እጅ ከገባ በኋላ በባለቤቱና በዝርፊያው መካከል የቀረው ዋናው ቃል ብቻ ነው። ዋና ቃላቸው አጭርና በቀላሉ የሚገመት የነበረ ሰዎች ሊሰጉ ይገባቸዋል፤ ረጅምና በዕጣ የወጣ ቃል የነበራቸው ግን የተሻለ መከላከያ አላቸው።

ስለዚህ ዋናው ቃል የልጅ ስም ወይም የስልክ ቁጥር ሊሆን ከቶ አይገባውም። አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 ያወጣው ዘዴ ከ7,776 ቃላት ዝርዝር ቃሎችን በዕጣ ማውጣት ነው። አምስት ቃል በዕጣ የወጣ እንደ ሆነ ሌባው ሊሞክረው የሚገባው ብዛት ከ28 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ይበልጣል፤ ለባለቤቱ ግን አምስት ተራ ቃላት ናቸው። ዕጣ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው በልቡ የመረጠው ቃል ሌላውም ሊገምተው የሚችል ነውና። በአማርኛ ቃሎች ለመጠቀም የሚወድ ሰው የግዕዝ ፊደል መጻፊያ በሁሉም መሣሪያ ስለማይገኝ በላቲን ፊደል ይጻፋቸው፤ ሆኖም «ፀሐይ»ን አንዱ በአንድ መንገድ ሌላው በሌላ መንገድ እንደሚጽፍ አስቦ አጻጻፉን ከመጀመሪያው ይወስን።

ይህን ቃል አንድ ሰው ብቻ ማወቁ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ባለቤቱ ቢታመሙ ወይም ቢሞቱ ወራሾቻቸው ካዝናውን በብረት ሠራተኛ ያስሰብራሉ፤ ማኅደሩን ግን የሚሰብርላቸው አያገኙም። ዋናው ቃል በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በማሸጊያው ላይ ተፈርሞበት በካዝና ይቀመጥ። ወረቀትን አውግዤ ወረቀት ማዘዜን የሚታዘብ ካለ፣ ልዩነቱ መሳቢያና ካዝና ነው። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅም ሲያውቃቸው የነበሩት ቃሎች ሁሉ በዚያው ቀን ይለወጡ፤ ይህ እርሱን ማማት ሳይሆን ነገ ነገር ቢፈጠር እርሱንም ከጥርጣሬ ማዳን ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ ሃያውን በአንድ ቀን ለማዛወር አለመሞከር ይሻላል። አስቀድሞ የኢሜይሉ ቃል ይለወጥ፤ ሌሎቹ ቃሎች ሲረሱ የሚታደሱት በእርሱ በኩል ነውና። ቀጥሎ የባንኩና የግብሩ ይሁን፤ መግቢያዎቹም በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ ስም በወጣ ሲም ካርድ ይመዝገቡ። የቀሩት በየተራ በወር ጊዜ ውስጥ ይገባሉ። ሁሉም ከተዛወረ በኋላ አሮጌው ደብተር ይቃጠል እንጂ ወደ ቅርጫት አይጣል፤ አሮጌው ስልክና ኮምፒዩተርም ለቆራሌው ከመሰጠታቸው በፊት በውስጣቸው ያለው ሁሉ ይደምሰስ።