ከብትን ከወረርሽኝ የሚጠብቅ ክትባት

በጎንደር ዙሪያና በዳባት፥ በደባርቅ ደጋ ለሚኖር ገበሬ ሀብቱ በሬውና በጉ ነው። በሬ ሲሞት ማሳው ጦም ያድራል፤ ላም ስትሞት ሕፃን ወተት ያጣል። ስለዚህ የከብት ጤና ለሰው ጤና መሠረት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ፥ ከመቶው ከብት ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ ረኃብ ተከተለ፤ በረኃብ የደከመውንም ሕዝብ ተላላፊ በሽታ ፈጀው።

ክትባት ማለት የበሽታውን ረቂቅ ተሐዋሲ ኀይሉን አድክሞ ለጤነኛው ከብት መውጋት ነው። ሰውነቱ ከደካማው ጠላት ጋር ታግሎ መከላከልን ስለሚማር፥ ብርቱው ሲመጣ አይሸነፍም። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በኬንያ የደስታን ቫይረስ ከጥጃ ኵላሊት በተወሰደ ሕዋስ ላይ ደጋግመው በማሳደግ አደከሙት። ይህ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወጋ ለዕድሜ ልክ ይበቃ ነበር።

ሆኖም ሙቀት ያበላሸው ስለ ነበረ ወደ ሩቅ ገጠር ማድረሱ አስቸጋሪ ሆነ። በኋላ ሙቀትን የሚችል ዐይነት ተሠርቶ፥ በ1980ዎቹ በአፋር የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች በእግራቸው እየተጓዙ የወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም.፥ ዓለምም በሙሉ በ2003 ዓ.ም. ከደስታ ነጻ መሆናቸው ተመሰከረ። ከምድር ፈጽሞ የጠፋ የመጀመሪያው የእንስሳት በሽታ ይህ ነው።

ዛሬ የሚያሠጋው የዚሁ የቅርብ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ ነው። የታመመው እንስሳ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ከዐይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ አፉ ይቈስላል፤ ያስቀምጠዋል። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያ ክትባቱም በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይዘጋጃል። ነገር ግን ክትባት የታመመውን አያድንምና ከበሽታው መቅደም አለበት፤ እስኪወጋም ድረስ ከቅዝቃዜ መለየት የለበትም።

እንግዲህ ከገበያ የተገዛውን በግ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ማቆየት፥ የታመመውን ለሽያጭ አለማቅረብ፥ ምልክቱ እንደ ታየም ለእንስሳት ሐኪም መንገር የሁሉ ግዴታ ነው። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ያስረዱ፤ በጉን የሚጠብቁት ልጆች ናቸውና በሽታውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው።